የስመኝ አንገት

ልጅ ሳለሁ በኛ በጠዳ ንቅሳት የሚነቀሰው በተረት ነበር። እትዬ ብርቄ የምትባል ነቃሽ ነበረች። ጥምቀት ሲቃረብ አመሻሽ ላይ ቤታችን እየመጣች የኩራዙን ጥላሸት በገል ታጠራቅምና በቅጠል ጭማቂ ትለውሰዋለች፤ ሦስት መርፌ በክር ታስራለች፤ የምትነቀሰውን ልጅ ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ ተረቷን ትጀምራለች። ልጅቱ ችላ ከተኛች ተረቱ ይቀጥላል፤ ከተንፈራገጠች መርፌውም ተረቱም ይቆማል። ያኔ ፍሙን ከበን የተቀመጥነው ልጆች ለምትወጋዋ የምናዝን እንዳይመስላችሁ፤ ጅቡ በር ላይ ደርሶ ወሬው ሲቋረጥብን ምነው አርፈሽ ብትተኚ እያልን እንሰድባት ነበር።

እህቴ ስመኝ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ እኔ ዘጠኝ። በእሷ ተራ ቀን መጀመሪያ የተነቀሰችው የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ አንገቷ ላይ መግል የቋጠረ ቁስል ነበረባት። እትዬ ብርቄ እሷን ስትጨርስ መርፌውን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ስመኝ ዞረች። ሁላችንም አየን። መርፌ መቀቀል እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

የዚያን ምሽት ተረት አልረሳውም። ሁለት እህትማማቾች ባንድ ቀን ተነቀሱ አለች። የታላቂቱ አንገት ድሪ ያጠለቀች መስሎ ሻረ፤ የታናሺቱ አበጠ። እናትየዋ ይኼ የደበቅሽው ኃጢአት ነው የወጣው ብላ ከቤት አስወጣቻት፤ ጅብም ሽታውን ተከትሎ መጣና ከጉሮሮዋ ጀመረ። አንዱ ልጅ ምን ሠርታ ነው ብሎ ጠየቀ። እትዬ ብርቄ እጇን ሳታቆም፣

«እሷ ታውቀዋለች» አለች።

እኛ ሳቅን። ስመኝ መርፌው አንገቷ ላይ ስለነበር አልተንቀሳቀሰችም።

በአራተኛው ቀን ስመኝ ከበረቱ ጀርባ ጠራችኝና ነጠላዋን ገለጠች። የአንገቷ ግራ ጎን ቀልቶ አብጧል፤ ከነጥቦቹ ቢጫ ውሃ ይወጣል፤ እጄን ባስጠጋው ይፋጃል።

«ለእምዬ እንዳትነግር» አለችኝ።

«ምን ሠርተሽ ነው?»

ብዙ አሰበች። «ረቡዕ ቀን ወተት ቀምሻለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«አለ እንጂ። በወተት ብቻ እንዲህ አያብጥም።»

ዝም እንድል ቆሎዋን ሰጠችኝ፤ ተቀበልሁ። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን እዚያው በረት ጀርባ እያስቆምሁ ሌላ ኃጢአት ጨምሪ አልኋት፤ እሷም እያለቀሰች ያልሠራችውን ሁሉ ጨመረችልኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር።

ለጥምቀት ጓደኞቿ አንገታቸውን አሳይተው ሲጨፍሩ እሷ እስከ አገጯ ተሸፋፍና ቆመች። ታቦቱ ሳይመለስ ተንቀጥቅጣ ወደቀች። አባቴ ማኪና ለምኖ ጎንደር አደረሳት። ሐኪሙ ነጠላውን ሲያነሣ ፊቱን አዞረ። መርፌው ተቀቅሎ እንደሆነ፣ ቀድሞ የማን አንገት ላይ እንደነበር ጠየቀ፤ እናቴ ነገረችው። ቁስሉ መርዞ ደሟ ውስጥ ገብቷል፣ እንዳበጠ ብታመጧት በመድኃኒት ትድን ነበር አለ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ። በሁለተኛው ቀን ሞተች።

ዛሬም የምኖረው እዚያው ጠዳ ነው። ዓምና ልጄ እጇ ላይ መስቀል ልነቀስ ስትለኝ አልከለከልኋትም፤ አብሬያት ሄድሁ። ነቃሹ የከተማ ጎረምሳ ነው፤ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ አዲስ ጓንት አድርግ፣ መርፌውን ከነማሸጊያው ፊቴ ክፈተው፣ ቀለሙንም ሌላ ሰው ካልነካው ቅዳ አልሁት።

«ጋሼ፣ ከጤና ቢሮ ነው እንዴ የተላኩት?» ብሎ ሳቀብኝ። ሁሉንም ግን አደረገ።

ልጄንም እጅሽን ሳትታጠቢ አትንኪው አልኋት። በንጹሕ ውሃና በሳሙና ቀስ አድርገሽ እጠቢው፣ አትፈትጊው፣ የሰጠሽን ቅባት ስስ አድርጊ፣ ቅርፊቱን አትላጪ፣ ፀሐይ አታስመቺው። እስኪሽር ጠበልም ቢሆን ይቆይሽ፤ እግዚአብሔር ቁስሏ እስኪደርቅ ቆየች ብሎ አይቀየምም። ቢቀላብሽ፣ ቢግል፣ ቢመግል፣ ትኩሳት ቢይዝሽ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው። እስኪሽር ድረስ በየጠዋቱ እጇን ብርሃን ላይ እያወጣሁ አየሁ። ሸጋ ሆኖ ሻረላት። ምነው እንዲህ አበዛኸው ብትለኝ የስመኝን ነገር፣ የቆሎውንም ጭምር፣ ሳልደብቅ ነገርኋት።

ያልነገርሁት ለእናቴ ነው። እናቴም ያን ተረት ምጣዱን እያጠበች ሰምታው ነበር። ከሐኪሙ ቃል ይልቅ እሱ ነው ልቧ ውስጥ የቀረው። ከቀብር በተመለስን ማግስት አጠገቧ አስቀምጣኝ፣

«ወንድሟ ነህ፤ የሠራችው ነገር ነበር ወይ? ንገረኝና ለነፍሷ ላስጸልይላት» አለችኝ።

ወተቱን ብነግራት መቼ ነገረችህ ልትለኝ ነው። አላውቅም አልሁ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረች፤ በጾም ቀን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለስመኝ ኃጢአት ትሰግድ ነበር። በመጨረሻ ጉልበቷ እምቢ ሲላት እኔ ብብቷን ይዤ አነሣትና አስቀምጣት ጀመር፤ ለስግደት ስትወድቅ እያወረድሁ፣ ስትነሣ እያቀናሁ፣ የማን ኃጢአት እንደሆነ እያወቅሁ።