ጓድ አስጎብኚ

ሃክቾል ከዕድሜው ግማሹን የኖረው ጀርባውን ለመንገድ፣ ፊቱን ለፈረንጅ ሰጥቶ ነው። የአስጎብኚ ሥራ ይኸው ነው። ሹፌሩ ወደ ፊት ያያል፣ እንግዶቹ በመስኮት ወደ ጎን ያያሉ፣ እሱ ማይክሮፎኑን ይዞ አውቶቡሱ ውስጥ ቆሞ እነሱን ያያል። «በስተግራችሁ ያለው ወንዝ» ሲል ዞር ብሎ አያረጋግጥም። ወንዙ የት ይሄድበታል?

አገሩ እንግዳ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት አይደለም፤ አስጎብኚም ለብቻው እንግዳ አይዝም። ሁልጊዜ ሁለት ናቸው። ሁለቱ እንግዶቹን ይጠብቃሉ፣ ደግሞም እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። ይህን አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም፣ የማያውቅም የለም። እናም ሃክቾል ቀኑን ሙሉ በሰው ተከቦ ይውልና ፒዮንግያንግ ያለው ቤቱ ሲገባ «እንዴት ዋልክ» የሚለው ሰው ያጣል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ራቱን የሚበላው ከቴሌቪዥኗ ዜና አንባቢ ጋር ነው። አንዳንዴ መልስም ይሰጣታል። ጎረቤቱ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝታው «ሰውዬ፣ ሳትነግረን አገባህ እንዴ? ድምፅ እሰማለሁ» ብላ ብትቀልድበት አብሯት ሳቀ። በሩን ከዘጋ በኋላ ግን ሳቁ አላማረውም።

አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ ሶልሃ ትባላለች። የወንሳን ልጅ አግብታ ወደዚያ የባሕር ከተማ ከሄደች ቆይታለች። ባሏ የዓሣ ጀልባ ሞተር ይጠግናል። አባትና ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ የተያዩት በእናትየው ቀብር ላይ ነበር። ከዚያ ያ ክፉ በሽታ መጣና ድንበሩ ተዘጋ፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚወስደውም መንገድ እንደዚያው። ቦምሂ የምትባለው የልጅ ልጁ የተወለደችው በዚያ መሃል ነው። አሁን ትሮጣለች፣ ትዘፍናለች፣ እናቷን አላስቀምጥ ትላለች አሉ። እሱ አላያትም። የመሄጃ ፈቃድ ሁለቴ ጠይቆ ሁለቴም «ትንሽ ቆይተህ» ተብሏል። ሳያጉረመርም መመለስ ነበረበት፤ ተመለሰ።

ታዲያ ፈረንጆቹ እንደገና መምጣት ሲጀምሩ የመጀመሪያው ቡድን መርሐ ግብር ላይ ወንሳን አለች። ከሩቅ አገር የመጣ ጡረተኛ፣ አያት የተከለከለውን ከተማ በሦስተኛው ቀን ሊያይ! ሃክቾል ይህን አስቦ አልተናደደም፤ መናደድ ከተወ ቆይቷል። ያሰበው በዚያች ቀዳዳ እንዴት እንደሚሾልክ ነው።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ዘመድን ከእንግዳ ጉዞ ጋር ማገናኘት ክልክል ነው። የአስጎብኚ ልጅ ፈረንጅ በሚያልፍበት ቦታ ጠብቃ ተገኘች ከተባለ፣ ምን ተቀበለች፣ ምን ሰጠች ይባላል። አንድ ባልደረባው የወንድሙ መንደር አጠገብ አውቶቡስ አስቁሞ ዛሬ የድንጋይ ከሰል ከሚቆፈርበት አገር ነው ያለው። ስለዚህ ሃክቾል ምንም አልጻፈም። ወንሳን የሚመላለሰውን ሹፌሩን ታክን፣ ጎማ ሲያይ ጠብቆ፣ በቃል ላከው፦ መርከቦችን በመብራት ወደሚመራው ማማ በሚወስደው፣ ባሕሩ ውስጥ በገባው የድንጋይ መንገድ ላይ፣ ረፋዱ ላይ፣ ልጅቷን ይዛ ትቀመጥ። ማን መሆኑን ለልጅቷ እንዳትነግራት። እሱ አይቆምም፣ እያለፈ ያያታል፣ በቃ።

«ሰላም እንኳ ላትላት?» አለው ታክ።

«ማየት አነሰኝ?»

የቡድኑ ሰዎች ዴንማርካውያን ነበሩ። ከመካከላቸው ቢርታ የምትባል ጡረታ የወጣች አዋላጅ አለች፤ ወሬ የማይሰለቻት፣ ያየችውን ሕፃን ሁሉ እሷ ያዋለደችው የሚመስላት ሴት። ሁለተኛዋ አስጎብኚ ሚሪም ናት። ገና ወጣት ነች፣ ሥራዋ ላይ ንፋስ አታስገባም፣ ትንሿም ቃል አታመልጣትም። ሃክቾል ድንበሩ ከመዘጋቱ በፊት ከእሷ ጋር ዓመት ሠርቶ ወንድም ይኑራት እህት እንኳ አያውቅም። እሷም ስለ እሱ የምታውቀው ሥራው ላይ ጠንቃቃ መሆኑን ነው። እሱም ቢሆን ከዚህ በላይ እንድታውቅ አልፈለገም።

ጠዋቱ ብሩህ ነበር። የድንጋዩ መንገድ ግራና ቀኙን ዓሣ በሚያጠምዱ ሽማግሌዎች ተሞልቷል፤ ሴቶች ቀንድ አውጣና ዓሣ በከሰል ይጠብሳሉ። ሃክቾል ስለ ወደቡ እያወራ፣ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ አንዴ ዞር አለ። አያቸው። ሶልሃ ከስታለች፤ የእናቷን ግራጫ ሹራብ ለብሳለች። ጭኗ ላይ ቀይ ሪባን ያሰረች ልጅ ተቀምጣ የተጠበሰ ዓሣ እሾሁን እያራገፈች ትበላለች። የልጅቷ ግንባር የሟች ሚስቱ ግንባር ነው፤ ያው ሰፊ፣ ያው ነገር ግራ ሲገባው የሚኮሳተር። እርምጃውን ቀነስ አደረገ፣ ከዚያ በላይ ሊቀንስ አልቻለም፤ ሚሪም ከጎኑ ናት። ሦስት ትንፋሽ ያህል አይቷት ሊያልፍ ሲል ቢርታ ቀጥ ብላ ቆመች።

ምን የመሰለች ልጅ ናት፣ እስቲ ስሟን ጠይቅልኝ አለችው።

መቆም አልነበረበትም። እንግዳ የጠየቀውን ደግሞ አለመተርጎም አይቻልም። ሚሪም ሁለቱንም ቋንቋ እየሰማች ትከሻው አጠገብ ቆማለች። ሃክቾል ጎንበስ ብሎ፣ ለገዛ ልጁ እጅ ነሣ።

«እኚህ እንግዳ የልጅዎን ስም ይጠይቃሉ።»

ከወለዳት ጀምሮ «እርስዎ» ብሏት አያውቅም። ሶልሃ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

«ቦምሂ ትባላለች፣ ጓድ አስጎብኚ።»

ቢርታ ቁጢጥ ብላ ቁጭ አለች። ማንን ነው የምትመስለው አለች፤ እናትየው ላይ ይህ ግንባር የለም።

«ልጅቱ ማንን ትመስላለች ይላሉ።»

«እናቴን። አሁን በሕይወት የለችም።»

ይህንንም ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ድምፁ አልተሰበረም፤ ሠልጥኖበታል። ቢርታ አዝና አንገቷን ነቀነቀችና ወንድ አያትስ አላት ወይ አለች። ሃክቾል ጥያቄውን አድርሶ መልሱን ጠበቀ። በሥራው ዘመን ሁሉ መልሱን ሳያውቅ የጠየቀው ጥያቄ ይህ ብቻ ይመስለኛል።

«አላት» አለች ሶልሃ። «ሩቅ ነው ያለው። ሥራ ይበዛበታል። ብቻውን ነው፣ ምን እንደሚበላ እንኳ አናውቅም።»

ሃክቾል ለቢርታ፣ አያት አላት፣ ሩቅ ነው የሚኖረው ብሎ ነገራት። ቢርታ የልጅቷን ሪባን እያቃናች፣ ንገርልኝ፣ ሰውዬው ይቺን ልጅ ሳይናፍቅ አይቀርም አለች።

«እንግዳዋ፣ አያትየው በጣም ሳይናፍቃት አይቀርም ይላሉ» አለ ሃክቾል፤ ከዚያም ማቆም ሲገባው አላቆመም። «ደግሞ፣ በደንብ ይበላል፣ አታስቡ ይላሉ።»

ቢርታ ስለ መብላት ትንፍሽ አላለችም። ሚሪም ቀና ብላ አየችው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቃል ጨምሮ የማያውቅ ሰው ነው።

ቢርታ ከቦርሳዋ ከረሜላ አወጣች። ሚሪም ላይ ዓይኗን ጥላ ፈቃድ ካገኘች በኋላ ለሃክቾል ሰጠችው፣ እሱ ለልጅቷ። ቦምሂ ከእናቷ ጭን ወረደች፣ በሁለት እጇ ተቀበለችው፣ አጎንብሳ፦

«አመሰግናለሁ፣ ጓድ አስጎብኚ» አለች።

ከጎናቸው የሚያጠምደው ሽማግሌ ሳቁ አመለጠው። «ይቺ ደግሞ የየትኛው ቢሮ ካድሬ ናት!»

ለሃክቾል ነገሩ የገባው ያኔ ነው። በዚያ አገር ጥርስ ያበቀለ ልጅ ሁሉ፣ ያየውን ሸበቶ ሁሉ እንደ አያቱ «አባባ» ነው የሚለው። ዓሣ አጥማጁን፣ ዘበኛውን፣ መንገድ ጠራጊውን። ማንም አይጠረጥርም፣ ማንም አይጠይቅም። እናትየው ፈርታ፣ «ምንም ብትሆኚ አባባ እንዳትዪው፣ ጓድ አስጎብኚ በዪው» ብላ ሌሊቱን ስታስጠናት አድራ መሆን አለበት። እሱም ቢሆን በላከው መልእክት ላይ «አባባ ትበለኝ» ማለትን አስቦ አልጨመረም። ከጥርጣሬ ሁሉ ነፃ የሆነውን አንዱን ቃል፣ ሁለቱም በፍርሃት ቆለፉበት። ሶልሃ ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ሚሪም ሶልሃን አየች፣ የገረጣ ፊቷን አየች፣ ከዚያ ሃክቾልን። ያ አተያይ ሊያጠፋቸው እንደሚችል ሁሉም ያውቃሉ፣ ቢርታ ስትቀር። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ልጅ በምትቆጣበት ድምፅ፦

«የኔ ልጅ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ አይጠራም። ‘አባባ’ ነው የሚባለው» አለቻት።

ቦምሂ ተኮሳተረች። ያ ግንባር። ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ይቻላል?»

«ይቻላል» ያለቻት ሚሪም ናት።

«አባባ» አለች ልጅቷ፣ እንደገና አጎንብሳ። ቃሉ እንደጣማት ያስታውቃል፤ ደገመችው። «አባባ።»

ቢርታ የሃክቾልን እጅ ነካ አድርጋ ምን አለች አለችው።

«አባባ አለችኝ» አላት በእንግሊዝኛ። «እኛ ዘንድ ልጆች ሽማግሌውን ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠሩት።»

«ሁሉንም?»

«ማንኛውንም።»

ሚሪም ሰዓቷን አሳይታ ቡድኑን ወደ ማማው መራች። ከማማው ሲመለሱ እነ ሶልሃ የተቀመጡበት ድንጋይ ባዶ ነበር። ደግ አደረገች፤ አባቷ ያስተማራት ጥንቃቄ ነው። የተራገፈ የዓሣ እሾህ ብቻ ቀርቷል።

አውቶቡሱ ከወንሳን ሲወጣ ሃክቾል ማይክሮፎኑን ይዞ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ዞሮ ቆመ። ታክ በመስታወቱ ሰረቅ አድርጎ አየው። እንግዶቹ የሚመጣውን ተራራ ይጠብቃሉ፤ በኋለኛው መስኮት ባሕሩና የድንጋዩ መንገድ ሲያንሱ የሚያየው እሱ ብቻ ነው። ጥቂት አወራ፣ በስተግራችሁ፣ በስተቀኛችሁ። የመጀመሪያው ዋሻ ሁሉንም ዋጠው።

ምሳ በመንገድ ዳር ማረፊያ ቤት ነበር። እንግዶቹ ለብቻ፣ አስጎብኚዎቹ ለብቻ ነው የሚቀመጡት፤ ታክ ሞተሩን ለማየት እንደወጣ አልተመለሰም። ሃክቾል ሩዙ ላይ አፍጥጦ ቀረ። ምን እንደሚበላ የማይታወቀው ሰውዬ እሱ መሆኑ፣ ልጁ ይህን እያሰበች እንደምታድር፣ አሁን ገና ነው ልቡ ድረስ የዘለቀው። እንባው ሳህኑ ላይ እንዳይወርድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሚሪም ሾርባውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። እንግዶቹ ወዳሉበት እያየች፣ ድምፅዋን ሳትቀይር፦

«ይብሉ እንጂ» አለችው። «በደንብ ይበላል ብለው ተናግረዋል።»

ሃክቾል ማንኪያውን አነሣ።