ኸድር የያዛቸው ስሞች

ኸድር መናኸሪያው አጠገብ ያለችውን የፊት ክፍሌን የተከራየው ባለቤቴ ዓለሙ በሞተ በዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ፀጉሩ ጥቁር ነበር። አንድ ኮምፒውተርና አንድ ቬንትሌተር ይዞ ሲመጣ ማመልከቻ ጸሐፊ መስሎኝ ነበር። ማመልከቻም ይጽፋል፣ ግን ሌላም ሥራ ነበረው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ነጋዴዎች በኢንተርኔት የሚገኙበትን ስም ይመዘግባል፤ ኸድር የዚያ ድርጅት ወኪል ሆኖ ስሙን ለኛ ለቆላው ሰው ይሸጣል። በየዓመቱ ያልታደሰ ስም ይወድቃል፣ የወደቀን ስም ደግሞ ማንም ያነሳዋል። ይኼን ያስረዳኝ እሱ ነው፤ ሦስቴ አስረድቶኛል።

ከአጣዬም ከአሊዩ አምባም ይመጡለት ነበር። ቅጹ ላይ «ባለቤት» የሚል ቦታ አለ። ሰዉ ግን ቅጽ ይፈራል፤ «አንተው በስምህ ያዝልን፣ አማና ነው፣ አደራ» ይሉታል። እሱም የሁሉንም በራሱ ስም ጻፈ። ሠላሳ ሰባት ስም። የአንዱንም ቀን አሳልፎ አያውቅም።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠራ። ከዚያ ድርጅቱ ዝም አለው። አዲስ ለሚገባ ሰው ግማሽ ዋጋ፣ ኮፍያ፣ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ። የድሮ ሰው ሲደውል ሙዚቃ ብቻ።

«ዛሬም ዘፈን አሰሙህ?» እለዋለሁ።

«ዛሬስ ክራር ነው፣ እትዬ ጽጌ» ይለኛል። ሲናገር እንኳ አይስቅም።

በመሐል ድርጅቱ ማደሻውን አልቀበል ብሎት የጣይባ ስም ቀኑ አለፈና ወደቀ። ጣይባ የማሾ ነጋዴ ናት። የውጭ ገዢዎች የሚያገኟት በዚያ ስም ነው፤ ሌላ ሰው ካነሳው ገዢዎቿም አብረው ይሄዳሉ። ኸድር ነገሩ ሲከፋበት አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ እንዲህ ብሎ ነገረኝ።

የድርጅቱ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ «አዲስ ነዎት?» አለችው።

«የለም፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

«ነባሮች በኢሜል ነው የሚጽፉት። እዚህ የምናስተናግደው አዲስ ብቻ ነው።»

«አሥራ አራት ጊዜ ጽፌያለሁ።»

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አዲስ ነኝ ብለው ይፈርሙና ይገላገሉ» አለችው። ወረቀቱ «ከዚህ በፊት ደንበኛ ሆኜ አላውቅም» ይላል። ኸድር እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወጣ።

በማግሥቱ ጣይባ እየጮኸች ገባች፤ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጫለሁ።

«አልፈርምም አልክ አሉ! ገዢዎቼን ለማን ልታስረክብብኝ ነው?»

«የሰው አማና ይዤ በውሸት ልፈርም?»

«እስቲ እውነቱን ንገረኛ! እነሱ መዝገብ ላይ ያለው ማነው?»

«እኔ።»

«እኔስ አለሁበት?»

ኸድር ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ መዝገቡን አየ። 

«የለሽበትም» አለ።

«በል እንግዲያው አዲስ እኔ ነኝ! ወላሂ፣ ቀና ብዬ ነው የምፈርመው!»

በነጋታው አብረው ሄዱ። ስሙን ገና ማንም አላነሳውም ነበር፤ ጣይባ ፈርማ አነሳችው። ከአውቶቡስ ስትወርድ ኮፍያውን በሻሿ ላይ ደፍታለች።

«በዚህ ሐሩር አይሞቅሽም?» አልኳት።

«ግማሽ ዋጋ ነው፣ ይሙቀኝ!» አለችኝ።

ኸድር ከኋላዋ ቦርሳዋን ይዞ ይመጣል።

ከዚያ በኋላ ምንም አላመነታም። ቀሪዎቹን ሠላሳ ስድስት ሰዎች በባጃጅም በእግሩም እየዞረ አገኛቸው። «ቀናችሁ ሲያልፍ ዕለቱን ሂዱ፣ እናንተ አዲስ ናችሁ። አማናችሁን መልሻለሁ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አላቸው። ማንጎ ነጋዴው አብዱረዛቅ «አንተስ ምን ልትበላ ነው?» ቢለው «አላህ ያውቃል» ብሎት አለፈ።

አንድ በአንድ ሄዱ። ሁሉም ኮፍያ ይዘው ተመለሱ። እሱ ዘንድ የሚመጣ ቀረ። ግንቦት ላይ ክፍሉን ጠርጎ ቁልፉን አመጣልኝ።

«ድርጅቱ ደወለልህ?» አልኩት።

«ኧረ እነሱ መቅረቴንም አላወቁም።»

ላዝንለት ፈልጌ ነበር፣ አልመጣልኝም። እሱም ፊቱ ላይ ምንም ሐዘን የለም። አሁን በጣይባ መጋዘን ውስጥ ማሾ ይመዝናል። በደጄ ሲያልፍ «እንዴት ዋልክ?» እለዋለሁ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ እትዬ» ይለኛል፣ ይሄዳል።