በሬዲዮ የመሠረትናት አገር

የልጄ ልጅ ትምህርት ተዘግቶ ሚዛን ከተማ እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። ማለዳ በረንዳው ላይ ይቀመጥና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ኮምፒውተሩ ላይ ያፈጣል። ከዚያ ጩኸቱ ይጀምራል። «በግራ ግቡ! ፈዋሹ የት ጠፋ? በሩን እኔ ይዤዋለሁ!» የመጀመሪያ ቀን ሌባ የገባ መስሎኝ ዱላ ይዤ ወጥቻለሁ።

«ከማን ጋር ነው የምትጮኸው?» አልኩት።

«ከጓደኞቼ ጋር ነዋ፣ እማማ። አንዱ አዳማ ነው፤ አንዷ ጎንደር ያለች ትመስለኛለች፤ ሌላውን እንጃ።»

«ስማቸው ማነው?»

የጠራልኝ ሁሉ የጠንቋይና የፈረሰኛ ስም ነው። «እናትና አባት ያወጡላቸውስ?» ብዬ ብጠይቀው እንደ ነውር ቆጠረብኝ። «እሱ አይጠየቅም እኮ» አለና ወደ ጦርነቱ ተመለሰ። እናቱ ስትደውል «ከማያውቀው ሰው ጋር ሲያወራ ነው የሚውለው፤ ተቆጪው እንጂ» ትለኛለች። በምን አፌ ልቆጣው? ስም አይጠየቅም የሚለውን ያንን ሕግ እኔ የተማርኩት ኮምፒውተር የሚባል ነገር መኖሩን ሳልሰማ፣ በደርግ ዘመን፣ ቴፒ ላይ ነው።

ጅማ የሬዲዮ ኦፕሬተርነት ሥልጠና ጨርሼ ቴፒ አካባቢ ከነበሩት የመንግሥት ቡና እርሻዎች በአንዱ ስመደብ ወሩ ሐምሌ ነበር። ሐምሌ ላይ በዚያ መንገድ የሄደ ያውቀዋል፤ መኪናው ግማሹን መንገድ በጎማው፣ ግማሹን በተሳፋሪው ትከሻ ነው የሚሄደው። ከቦንጋ ወዲህ ጭቃ በያዘን ቁጥር እየወረድን ገፋን። አማን ስንደርስ መንገድ ዳር አንዲት ሴት የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ትሸጥ ነበር። ሌላው ተሳፋሪ ቃሪያው አቃጥሎት እንባውን እየጠረገ ይስቃል። እኔም ገዝቼ በላሁ፤ እንደ ውሃ ነው የዋጥኩት።

ምክንያት ነበረኝ። ታናሽ ወንድሜ ታደለ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቁስለኛ ወታደር ቤታችን መጣና እናቴን ለብቻዋ ጠርቶ «ታደለ ወድቋል» አላት። ወረቀት አልመጣም፤ የሚያረዳ ሽማግሌም አልመጣም። እናቴ ወታደሩን ከቤት አስወጥታ እኔን ጠራችኝ። «ሳይረዱ ማልቀስ ሟርት ነው። አንዲት ዘለላ እንባ ካየሁብሽ ልጄ አይደለሽም» አለችኝ። ታዘዝኩ። እንባዬን ስይዘው ሌላውም አብሮ ተያዘ፤ ሳቁም፣ ረሃቡም፣ ፍርሃቱም። ተኝተውበት እንደ ደነዘዘ ክንድ ሆንኩ። ቴፒ የሄድኩትም እናቴ ከእኔ ደመወዝ በቀር መተዳደሪያ ስላልነበራት ነው እንጂ፣ ወደዚያም ወደዚህም የሚስበኝ ነገር አልነበረም።

የሬዲዮ ክፍሉ ከመጋዘኑ ጎን የተለጠፈ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ዝናቡ ሲወርድ የራስን ድምፅ መስማት ያስቸግራል፤ ሲያባራ ደግሞ የሻገተ ጆንያና የባትሪ አሲድ ይሸታል። ሥራው ቀላል ነው። ጠዋት ከየጣቢያው ሪፖርት መቀበል፦ ዝናቡ ምን ያህል ነው፣ ስንት ሠራተኛ ገባ፣ የትኛው መኪና ቆመ። አንድ ቀን ሪፖርቱ አልቆ ማዳመጫውን ላወልቅ ስል የሚዛኑ ኦፕሬተር ድምፅ መጣ። ሪፖርቱን እንደ እንቅልፋም ሲያነበንብ የነበረው ሰውዬ፣ አሁን ሌላ ሰው ሆኗል።

«አዳኝ፣ አዳኝ፣ ሲራራ ነኝ። በቅሎዎቼ የመስተዋቱን ወንዝ አንሻገርም ብለው ቆመዋል። ዘንዶው በየት በኩል ነው? ኦቨር።»

ከማሻ ቁልቁል ጫካ ውስጥ ካለው የችግኝ ጣቢያ ረጋ ያለ ወፍራም ድምፅ መለሰለት። «ሲራራ፣ እንዳትሻገር። ትናንት ሰባተኛ ራሱን አብቅሏል። ዱካውን ይዤዋለሁ፤ በሬ የሚያክል ነው። ኦቨር።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን የጠላት ጣቢያ ገባብን ብዬ ክው እል ነበር። ያን ጊዜ ግን ቁጭ ብዬ ሰማሁ፤ የዝናብ ሪፖርት ይሁን የዘንዶ፣ ለእኔ ያው ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ አገራቸውን አወቅኋት። ስሟ ማዶ ነው። ከእኔ በፊት የጀመሯት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም በዓይን ተያይተው አያውቁም። የሚዛኑ ሰውዬ ሲራራ ነጋዴ ነው። የማሻው አዳኝ ነው። በቦንጋ መንገድ ካለው የቡና ማጠቢያ የምታወራው ሴት ባለደመና ትባላለች፤ ዝናብ የሚዘንበውም የሚቆመውም በእሷ ፈቃድ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ማዶ ከገቡ በኋላ የወዲህኛው ስምና ኑሮ አይነሳም። ቤተ መንግሥት አላቸው፤ ዙፋኑ ላይ ግን ማንም አይቀመጥም። ጊዜው ጊዜ ነውና ንጉሥ ማንሳት አልደፈሩም፤ ሊቀመንበር ማንሳትማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ዙፋኑን ባዶውን ትተው ሁሉም መንገደኛ ሆነዋል።

«ቴፒ፣ እየሰማሽን እንደሆነ እናውቃለን» አለች ባለደመና አንድ ቀን። «እዚህ ዝም ብሎ የሚሰማ ነጭ ለባሽ ብቻ ነው። ምን ልትሆኚ ነው?»

«ምንም» አልኩ።

«ምንም የሚባል ሹመት የለንም» አለ ሲራራ። «በይ ኬላ ጠባቂ ሁኚ። ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን ይዘሃል፤ እሱን መጠየቅ አያቅትሽም።»

አላቃተኝም። በዚያ በደነዘዘ ድምፄ እጠይቃለሁ፤ ይመልሳሉ፤ አሳልፋቸዋለሁ። ወደዱኝ። «እንዲህ ያለ ኬላ ጠባቂ ከየት ተገኘ? ስትጠይቅ እኮ በቅሎዎቼ ይንቀጠቀጣሉ» ይላል ሲራራ። በሽታዬን ችሎታ አድርገው ያዩት ነበር፤ እኔም አላረምኳቸውም።

የገረመኝ የምር መያዛቸው ነው። አንድ ቀን የሲራራ በቅሎ ገደል ገባችና ድምፁ ተሰባበረ፤ ባለደመናም ለበቅሎዋ ክብር ጉም አወረደች። በየቤቱ እውነተኛ ሰው እየሞተ ለሌለች በቅሎ ይታዘናል አልኩ በሆዴ። አልተናደድኩም፤ ደግሞም መምጣቴን አልተውኩም። ከሁሉ የምጠብቀው አዳኙን ነበር። ኬላዬን ባዶ እጁን አልፎ አያውቅም። «ምን ይዘሃል?» ስለው «የሳቀ ኮረሪማ»፣ «ከደመና ላይ የተቆረጠ ማር» ይለኛል። ያ ወፍራም ድምፅ ሲያወራ የሰባት ክንድ ቁመት ያለው ጎበዝ ነበር የሚታየኝ። ባትሪ የሚያመላልሰው ሾፌር አንድ ጊዜ በወሬ መሃል «የማሻው አሥራት» ብሎ ስሙን ባያነሳብኝ ኖሮ የሰው ስም ይኑረው አይኑረው አላውቅም ነበር።

መስከረም ጠባ። ዝናቡ ሳሳ፤ የቴፒ ወባም ተነሳ። የቤንች ተወላጅ የሆነች ጎረቤቴ፣ ማታ ማታ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ጨሞ ጨው ጣል አድርጋ የምታጠጣኝ ሴት፣ ተያዘችና ብርድ ልብሷን እየደረብኩላት ሰነበትኩ። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ቃሏን ሲቆርጠው ሰማሁ። በትኩሳቷ መሃል ድሮ የሞተች አክስቷን ትጣራለች፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት አዳኙ ሪፖርቱን «ሁሉም ደህና» ብሎ በአጭሩ ዘጋና ወደ ማዶ ገባን። ኬላዬ ላይ ቆመ።

«ከየት መጣህ?»

«ከእናቴ ቤት።»

«ወዴት ትሄዳለህ?»

«ዘንዶው... አልጋው ሥር ነው። ራሱን ቆጠርኩት፤ አያልቅም። ይበርዳል። ውሃ... ኬላ ጠባቂ፣ ውሃ አለሽ?»

ሲራራ መሃል ገባ፤ ደስታው በድምፁ ይታወቃል። «ወይ አዳኝ! እንደ ዛሬ ተጫውተህ አታውቅም! ፀጉሬ ነው የቆመው!» ባለደመናም ተከትላ አጨበጨበችለት። ማዶ ውስጥ ግን ከዚያ በፊት የጠማው ሰው አልነበረም። ቃሉ መሃል መሃሉ ላይ ይቆረጥ ነበር፤ ልክ እንደ ጎረቤቴ። እነሱ በስሜት ስለሰሙት ጨዋታው ጣማቸው። እኔ ስሜት አልነበረኝም፤ ስለዚህ ድምፁን ብቻ ሰማሁ።

«አሥራት» አልኩ። «አቶ አሥራት፣ ወባ ይዞሃል?»

«ኬላ ጠባቂ! ምን ማድረግሽ ነው?» አለ ሲራራ፤ ተቆጥቷል። «አፈረስሽው እኮ!»

«አሥራት፣ ማን አለ አጠገብህ?»

ቆይቶ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ የማላውቀው ድምፅ። «ማንም የለም። ዘበኛውም ወደ አገሩ ሄዷል። ከሰንበት ጀምሮ ሬዲዮው ሥር ተኝቼ አልተነሳሁም... እህቴ፣ ልሞት ነው መሰለኝ።» ከዚያ ማልቀሱ ተሰማ።

ወደ ሥራ አስኪያጃችን ቢሮ ሮጥኩ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የዘመኑ ሰው ነበር፤ ሁሉን ነገር ከወረቀት ያያል።

«ጓድ ሙሉ፣ ይህ ሰው ዛሬ ጠዋት ሁሉም ደህና ብሎ ሪፖርት አድርጓል» አለኝ።

«አድርጓል፣ ጓድ።»

«ታዲያ መታመሙን በምን አወቅሽ?»

እዚህ ላይ የሚያዋጣው ዝም ማለት ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። በመንግሥት ሬዲዮ አገር መሥርተን እንጫወታለን ማለት ከሥራ መባረር ነው፤ አባቶቻቸው በትንሽ ቃል የታሰሩባቸውን ልጆች አውቃለሁ፤ የእናቴ ቀለብም በእኔ እጅ ነው። መፍራት እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አልመጣም። እንደ ሪፖርት አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ሲራራውን፣ ደመናዋን፣ ዘንዶውን።

«አገር መሠረታችሁ?» አለኝ።

«አዎ፣ ጓድ።»

«መሪ አላት?»

«የላትም። ዙፋኑ ባዶ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠና ኮፍያውን አነሳ። «መጀመሪያ ሰውዬው ይምጣ። የአገሪቱን ጉዳይ በኋላ እናየዋለን።»

ላንድሮቨሩ በማሻ መንገድ እስከ ጌጫ ሄደና ቆመ፤ ጭቃው ከዚያ ወዲያ አላስኬድም አለው። የገጠሩ ሰዎች ቃሬዛ አበጁ፤ የጤና ረዳቱ የወባ መድኃኒቱን ክሎሮኪን በኪሱ ይዞ ተከተላቸው። አሥራትን በጫካው መሃል እየተቀባበሉ አወጡት። ሁለት ቀን ሬዲዮው ላይ ሪፖርት እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማም። የሚዛኑ ሰውዬ ብቻ አንድ ጊዜ «ቴፒ፣ ደረሰ ወይ?» አለ በወዲህኛው ድምፁ። «ገና ነው» አልኩት።

አሥራት ዳነ። ማዶ ግን አልዳነችም። በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ያለ ፈቃድ አገር በመመሥረት መሳተፌን አመንኩ፤ ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም ሳቁን በሳል ሸፈነው። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ሌሎቹም ደረሳቸው። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮው ዝናብና መኪና ብቻ ሆነ።

አሥራትን ያየሁት ቴፒ ክሊኒክ ነው። አናናስ ይዤ ገባሁ። አልጋው ላይ የነበረው ጠና ያለ ልጅ የሚያክል፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ ቀጭን ሰው ነው።

«እህቴ፣ ኬላ ጠባቂዋ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

አናናሱን መላጥ ጀመርኩ። «ባትጠሪኝ ሞቼ ነበር» አለ። «እግዜር ይስጥሽ። ግን እዚያ ትልቅ ሰው ነበርኩ።» ቀጠለና «አንቺ ግን፣ ያ ድምፅሽ፣ ለምንድነው እንዲያ የሆነው?» አለኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«ወንድሜ ሞቷል» አልኩ። ቃሉን ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነበር።

አልጋው ላይ በክርኑ ተደግፎ እንደምንም ቀና አለ፤ የለቅሶ ቤት ወግ ተኝቶ መናገር አይገባም ብሎ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለኝ። አላለቀስኩም። አናናሱን ልጬ ጨረስኩና ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ አልተገናኘንም። ደርግ ወደቀ፤ ወታደሩ ሁሉ ወደየቤቱ ገባ፤ ታደለ አልመጣም። እናቴ በሩን እያየች ኖራ አረፈች። ለታደለ ድንኳን አልተተከለለትም፤ ጎረቤትም «ያጽናችሁ» ብሎ አልመጣልንም።

ባለፈው ጥር አሥራት ማሻ ላይ ማረፉን ሰማሁና ከሚዛን ተሳፈርኩ። መንገዱ አሁን ደህና ነው። ድንኳኑ ውስጥ ዘማሪዎቹ ሲያርፉ ሽማግሌዎቹ ስለ እሱ ይናገሩ ነበር፤ ዝምተኛ ነበር፣ ከችግኙና ከቤቱ በቀር ሌላ አያውቅም ነበር አሉ። እኔ የማውቀውን አሥራት ብነግራቸው በለቅሷቸው የማላግጥ ይመስላቸው ነበር። ሚስቱ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ በምን ነበር የምታውቂው?»

መንገዱን ሙሉ ምን እንደምላት ሳስብ ነበር የመጣሁት። አንዱም አልሆነልኝ። «ወንድሜ የሞተ ጊዜ ያጽናናኝ እሱ ብቻ ነው» አልኳት።

እጄን ይዛ አስነሳችኝና ወስዳ ከእህቶቹ መሃል አስቀመጠችኝ። እንባ ከስንት ዓመት በኋላም መንገዱን እንደማይስት ያወቅሁት እዚያ ነው። ዘማሪዎቹ እስኪጨርሱ አለቀስኩ፤ ለሁለቱም።