የአባ ቶላ ባዶ ቀፎ

ትናንት ጎረቤቴ አዲስ ቀፎ በወይራ ጭስ ሲያጥን ሽታው አጥር ዘሎ መጣና ከተቀመጥኩበት አስነሣኝ። እበትና ሰም የተቀላቀለበት የወይራ ጭስ ለእኔ የአባ ቶላ ሽታ ነው። ስንት ዘመን አለፈ! ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከተማቸውን የቆረቆሩበት ሰሞን ነው፤ ዛሬ ባሕር ዛፍ የወረሰው ተራራ ገና ጽድና ወይራ ለብሶ ነበር።

አባ ቶላ ከየካ በላይ፣ ከምንጩ አጠገብ የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ገብስ ያርሳሉ፣ ንብ ያረባሉ፤ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከንቦቻቸው ጋር በኦሮምኛ ያወራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ለሳቅ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ከዚያች ምንጭ የእኛን ጨምሮ ስድስት ቤት ይቀዳ ነበር፤ ጎመናችንም ከብቶቻችንም የሚጠጡት ከእሷ ነው።

አባቴ ደግሞ የእንጨት ቆራጮች አለቃ ነበር። ላይ ንጉሡ ግቢ ቤት ሲሠራ፣ አጥር ሲታጠር፣ እንጨቱን የሚያስቆርጠው እሱ ነው። ዓመት ባለፈ ቁጥር ጫካው እየራቀ ሄደ። እናቴ ማገዶ ለመልቀም በጠዋት ወጥታ ቀትር ላይ ትመለስ ጀመር። ከወዲያኛው ሸለቆ የነበረው ምንጭም ጽዱ በተቆረጠ በሁለተኛው በጋ ደረቀ። ይኼኔ አባ ቶላ አባቴን «ዛፍ ብቻውን አይሄድም፤ ውሃውን ይዞ ነው የሚሄደው» አሉት። አባቴ የታዘዘ ሰው ምን ያድርግ ብሎ አዘነ እንጂ መጥረቢያውን አላስቀመጠም።

በሳምንቱ ከምንጫችን በላይ ባሉት ትልልቅ ጽዶች ላይ ቀፎ ተሰቅሎ አየን። አምስት ዛፍ፣ አምስት ቀፎ። በእኛ ዘንድ ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው፤ ማሩም ለግቢው ጠጅ የሚገበር ስለሆነ ደፍሮ የሚነካው የለም። እኔ ግን ማር ወዳድ፣ ዛፍ በመውጣትም ከጦጣ የማልተናነስ ነበርኩና አንድ ቀን ሰው ሳያየኝ ወጣሁ። ሞኝነቴ! እጄን ወደ ቀፎው ሰደድኩ። ከሸረሪት ድር በቀር ምንም የለም። ሁለተኛውንም አየሁ፣ ባዶ።

ስወርድ አባ ቶላ ከታች ቆመዋል። አልተቆጡኝም። ፊታቸው ላይ ግን ፍርሃት አየሁ፤ ትልቅ ሰው ሲፈራ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። «እንግዲህ ልጄ፣ ያየሽውን አየሽ» አሉኝ። ዝም በይ ብለው እንኳ አልለመኑኝም።

ግንቦት ላይ አባቴ ክረምቱ ሳይገባ ምሰሶ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ሰዎቹን አስከትሎ ምንጩ ዘንድ መጣና ቀና ብሎ ቀፎዎቹን አየ። አንድም ንብ አልወጣ፣ አልገባ። እኔን ውሃ ስቀዳ አገኘኝና «አንቺ፣ ዘወትር እዚህ ትመጫለሽ፤ ቀፎው ንብ አለው?» አለኝ። አባ ቶላ ከማሳቸው ዳር ቆመው ይሰማሉ። ለአባቴ ዋሽቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ የዚህን ያህል ትልቅ ግን ዋሽቼ አላውቅም ነበር። በጠዋት ጎመን ስቀነጥብ ሳማ ለብልቦኝ ሽፍ ያለውን እጄን ዘረጋሁለት።

«አለው እንጂ አባዬ፣ ይኸው ነደፈኝ» አልኩት።

አባቴ በጫካ የኖረ ሰው ነው፤ ሳማ የለበለበውንና ንብ የነደፈውን እጅ መለየት አያቅተውም። እጄን ይዞ ብዙ አየው። ከዚያ ምንጩን አየ፣ ገንቦዬን አየ። «ንብ አለው ትላለች፤ ወደ ላይ እንውጣ» አላቸው ሰዎቹን። ምሰሶውን ከተራራው ማዶ አስጎትቶ እስኪያመጣ ዘገየና ተግሣጽ ደረሰበት። እኔን ግን አንድም ቃል አልተናገረኝም።

መስከረም ላይ አደይ ሲፈነዳ መንጋ ንብ መጥቶ በሁለቱ ቀፎዎች ሰፈረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛ ውሸት ግን እያደር ማር ሆነ። አባ ቶላ የመጀመሪያውን እሸት ማር በቅጠል ጠቅልለው ለአባቴ አመጡለት። አባቴ ቆርሶ ቀድሞ እኔን አጎረሰኝና «እጅሽ ዳነልሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ አባ ቶላ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ሁለቱም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ጽዶቹ ግን ዛሬም አሉ፤ ዛሬ ጠዋትም የቀዳሁት ከዚያችው ምንጭ ነው። ቀፎዎቹ ባረጁ ቁጥር እየቀየርኩ የምሰቅለው እኔ ነኝ። ሁለቱ ንብ አላቸው። ስለ ሦስቱ እስካሁን የጠየቀኝ የለም፤ የሚጠይቅ ከመጣም አጥሬ ሥር ሳማ አለ።