ቁልፍ ቀራጩ የተዉት ጊታር

የሚወራው እንዲህ ነው። ቁልፍ ቀራጯ ከአባቷ የወረሰችው የኤሌክትሪክ ጊታር የተራ ሰው ጊታር አይደለም። ዓለምን ያንቀጠቀጠ አንድ ግራኝ የውጭ አገር ሙዚቀኛ በዚህ በኩል ሲያልፍ የሆቴል ክፍሉ ተቆልፎበት ኖሮ፣ አባቷ በአንዲት ሽቦ ከፍተው ቢያወጡት፣ እግራቸው ላይ ወድቆ ጊታሩን አስረክቧቸው ሄደ። የዚህ ዓይነት ጊታር በምድር ላይ ሦስት ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ ሙዚየም ገብቷል፣ አንዱ ባሕር ውስጥ ሰጥሟል፣ ሦስተኛው እርሷ ቁም ሣጥን ላይ ሆኖ አቧራ ሲጠጣ ኖሯል። አሁንማ በድብቅ ልትሸጠው ነው። ፎቅ ልትሠራ ነው። ከአባቷ ቀብር ወዲህ አፏ የተለጎመውም ሐዘን ሆኖባት ሳይሆን ሀብት ሆኖባት ነው፤ ድንገት የከበረ ሰው መጀመሪያ የሚቆጥበው ወሬውን ነዋ!

ይህን ያመጣው ራዲዮኑ ነው። ራዲዮኑ የሚሉት ከመንገዱ ጥግ ባለው ካፌ፣ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ፣ አንድ ሻይ አዝዞ ሻዩ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሚቀመጠውን ሰውዬ ነው።

ወሬው ግን ቀረብ ብለው ሲያዩት ትንሽ ያነክሳል። ሙዚቀኛው ጠዋት ላይ የተቆለፈበት ሁለተኛ ፎቅ ነበር፤ ከምሳ በኋላ አምስተኛ ላይ ወጣ፤ ማታ ካፌው ሲሞላ ሰባተኛ ፎቅ ላይ በመስኮት እየጮኸ ነው። ሆቴሉ ያለው አራት ፎቅ ብቻ ነው። ደግሞስ አባቷ ጋሽ ቁልፌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዲህ ያለ ጉድ ደርሶባቸው ዝም የሚሉ ሰው ነበሩ? የአንድ ሹም ሽንት ቤት በር የከፈቱ ዕለት እንኳ ወሩን ሙሉ ያንን ሲያወሩ ነው የከረሙት። ታላቅ ሙዚቀኛ ተንበርክኮላቸው ቢሆን ኖሮ፣ ሰው ሲያልቅባቸው ለጓጉንቸሮቹ ሳይቀር ይተርኩላቸው ነበር።

ልጃቸውን ሰፈሩ ቁልፊት ይላታል። የምትሠራበት ኪዮስክ ከአንድ ቁም ሣጥን ይሰፋ እንደሆነ እንጂ ከሁለት አይሰፋም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ያልተቀረጸ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል፤ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳው በሙሉ ይንሾካሾካል። ቁልፍ የሚታሰርበት ሞርሳ እጀታው ወደ ግራ ዞሮ ነው የተተከለው። ቁልፊት ግራኝ ናት። ሥራ ያስጀመሯት ቀን አባቷ የሞርሳውን ብሎን ፈትተው፣ አዙረው፣ መልሰው አሰሩ። «ይመችሻል» እንኳ አላሏትም። ያ ሁሉ ወሬኛ ሰው፣ ለገዛ ልጁ ሲሆን ምላሱ የሚቆለፍ ነበር።

አሁን እርሳቸው የሉም፤ ቁልፊትም ምንም አይሰማትም። ማዘንማ አንድ ነገር ነው። እርሷ አላዘነችም፤ አላለቀሰችም፤ አልተናደደችም። ባለፈው ሞረዱ አዳልጧት ጣቷን ሲልጣት፣ የሌላ ሰው ደም ይመስል ቆማ ስታየው ቆየች። አጽናኞች ቤቷ መጥተው ሲያለቅሱ «አይዟችሁ» ብላ ሸኘቻቸው። አክስቷ እስከ ዛሬ አኩርፋለች፤ ያን ሁሉ እንባ ከሩቅ ተሸክማ መጥታ ተቀባይ አጥታ ተመለሰች። ቁልፊት ግን ጠዋት ኪዮስኳን ትከፍታለች፣ ትሞርዳለች፣ ማታ ትዘጋለች። ሻይ ትቀዳለች፤ ይበርዳል፤ ትደፋዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሟ ኪዮስኩ መስኮት ላይ ክንዱን አስደግፎ ቆመ። የአባታቸውን ወሬ የወረሰው እርሱ ነው።

«ለባለካፌው ልሰጠው ቃል ገብቻለሁ፤ አለቀ።»

«ምኑን?»

«ጊታሩን ነዋ! አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ ከክፍልሽ አውጥቼ ባሳየው ሰውዬው ወዲያው ሚስማር መፈለግ ጀመረ። ክሮቹ ለግራኝ ተገልብጠው ነው የታሰሩት፣ ታውቂያለሽ? ራዲዮኑ እንዳየው ነው ያ ግራኝ ሰውዬ የመጣለት። ካፌው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። መብራት ሁሉ ይደረግለታል። ከሥሩም ‹ታላቁ ሰው የዳሰሰው› ተብሎ ይጻፋል።»

«የማን እንደነበር ሳይታወቅ?»

«አገር ያወቀውን አንቺ ነሽ የማታውቂው?»

«አገር ይወቅ። እኔ ግን አላወቅሁም።» ሞረዱን አስቀመጠች። «እኔ ክፍል ነው ያለው ጋሽዬ። መጀመሪያ ለሚያውቅ ሰው ላሳየው። የታላቁ ሰው ነው ካለኝ ራሴ ተሸክሜ አምጥቼ እሰቅልላችኋለሁ።»

ወንድሟ ክንዱን ከመስኮቱ አነሣ። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ያህል ቃል ከአፏ ሲወጣ ያየ የመጀመሪያው ሰው መሆኑ ገብቶታል፤ ወዲያው ሄዶ ለካፌው ነገረ።

ነገሩ ለቁልፊት የካፌ ግድግዳ ጉዳይ አልነበረም። ተማሪ ሳለች፣ የሱቅ መስኮት ላይ ባየችው ጊታር ተነድፋ አባቷን ግዛልኝ ብላ ነበር። እርሳቸውም ሳቁና፣ «ጊታር የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው። ያንቺ እጅ ቁልፍ ይበቃዋል» አሏት። ዳግመኛ አልጠየቀችም። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ይኸው ጊታር ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ቤት ገባ። አባቷ ማታ ማታ በራቸውን ዘግተው «ድንግ... ድንግ...» ሲያሰኙ፣ ከዚያም ሲራገሙ፣ ደግሞ ሲሞርዱ ትሰማ ነበር። ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ ጊታሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። «አትንኪው» አሏት። አልነካችውም። ለእርሷ ነፍገው ለራሳቸው የገዙት ነው ብላ ነው ያደገችው። ክሮቹ ተገልብጠው መታሰራቸውንም ከወንድሟ አፍ ገና አሁን ሰማች። ምንም ነገር በማይሰማት በዚህ ጊዜ እንኳ ይህቺ አንዲት ጥያቄ ጥርስ ውስጥ እንደገባ ክር ሆናባታለች። ይህ ነገር የማን ነበር?

ጊታር ጠጋኙ ሱቁ ከገበያው ጀርባ፣ ደረጃ ተወርዶ ነው። ወሬው ከቁልፊት ቀድሞ ስለደረሰ ፀጉሩን አበጥሮ ጠበቃት።

«እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እመቤት» አለ። ለእርሷ አልነበረም፤ ለጊታሩ ነው። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ አንጥፎ እንደ ሕፃን አስተኛው።

ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። በፈታ ቁጥር ፊቱ እየተጨማደደ ሄደ። ከጊታሩ አንገት ጀርባ ያለውን የብረት ሳህን አነሣ፤ የፋብሪካ ቁጥር ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ራሰ በራ ነው። አካሉን ገልብጦ አንኳኳ።

«ከሦስት ቁራጭ እንጨት የተጣበቀ ነው። ስፌቱ እንዳይታይ ቀለም ደፍተውበታል።»

የክሩን ርዝመት ለካ፤ ማጠሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የክሩን ድምፅ የሚይዙትን ሁለቱን ማግኔቶች በኤሌክትሪክ መለኪያ ነካካ። «ሽቦው ስስ፣ ጥምጥሙ ጥቂት። ይሄ አይጮህም፤ ያንሾካሽካል።» በመጨረሻ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ከጉድጓዱ አወጣና፣ ውስጥ ያለችውን የፋብሪካ ማኅተም በማጉያ መነጽር አየ። የተበጠረው ፀጉሩ ራሱ የፈረሰ መሰለ።

«እህቴ፣ ልንገርሽ?»

«ንገረኝ።»

«የተማሪ ጊታር ነው። ይሄ ፋብሪካ ጊታር እንደ ዳቦ ነበር የሚያወጣው። ጠዋት የልብስ ስፌት መኪና፣ ከሰዓት ጊታር። ታላቅ ሰው ቢዳስሰው እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚያስቀምጠው።»

ቁልፊት ፊቷ ላይ ምንም አልተነቃነቀም። «ሌላስ?»

«ሌላማ...» ጠጋኙ ጊታሩን ወደ መብራቱ አዘነበለው። «ሲወለድ ግራኝ አልነበረም። ለቀኝ እጅ የተሠራውን ነው አንድ ሰው ግራኝ ያደረገው። አየሽ፣ የማንጠልጠያው ብሎን ከዚህ ተነቅሎ ወደዚያ ሄዷል። ቀዳዳው በእንጨት ተደፍኖ በጫማ ቀለም ተቀብቷል። ይቺ ደግሞ የከፋችው ናት።» ከአንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባትን ትንሽ ድልድይ በጥፍሩ አንኳኳት። «ይህቺን የሠራው ጊታር ሠሪ አይደለም፤ አፌን ይያዝልኝና የጊታር ጠላት ነው።»

«ምን ሆነች?»

«ክር የሚተኛበት ቦይ ታቹ ክብ መሆን አለበት፣ ክሩ እንዲንሸራተት። ይሄ ሹል ነው። ክሩን ነክሶ ይይዘዋል። አንዴ ስትመቺው ቃናው ይሄዳል፤ ስታስተካክዪው መልሶ ይነክሳል። የሚገርመው ደግሞ ሥራው የግድየለሽ አይደለም። ርቀቱ ልክ፣ ጥልቀቱ ልክ። ሰውዬው ተጠቦበታል። ብቻ የሚሞርደው ለክር መሆኑን የነገረው የለም።»

ነቅሎ በእጇ ላይ አኖራት። ነሐስ ነበረች። ቁልፊት ወደ ዓይኗ አስጠጋቻት። በጎኗ እየሮጠ የሚሄድ መስመር አለ፤ ጫፏ ላይ ደግሞ በመጋዝ የተቆረጠች ግማሽ ማኅተም። ይህችን ማኅተም በየቀኑ ታያታለች፤ ሙሉዋ ባልተቀረጹት ቁልፎች ላይ ታትማ፣ በኪዮስኳ ግድግዳ ተንጠልጥላ የጭነት መኪና ሲያልፍ ትንሾካሾካለች። ሹሎቹን ቦዮች በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው። ባለሦስት ማዕዘን ሞረድ ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጫን ተብሎ። እርሷም የምትሞርደው እንዲሁ ነው፤ ያስተማሯት እርሳቸው ናቸው። ቁልፍ እንዲህ ካልተሞረደ አይከፍትም።

«አባትሽ ግራኝ ነበሩ እንዴ?» አለ ጠጋኙ።

«አልነበረም።»

«ወንድምሽስ?»

«አይደለም።»

ጠጋኙ ሌላ ሊጠይቅ ሲል እጇን አየ። ነሐሷን የያዘችው በግራዋ ነበር።

ቁልፊት ነሐሷን በአውራ ጣቷ ደግማ ዳሰሰች። እነዚያ ማታዎች አንድ በአንድ ተመለሱላት፦ የተዘጋው በር፣ «ድንግ...»፣ እርግማኑ፣ እንደገና የሞረድ ድምፅ፣ እንደገና «ድንግ...»። ያልከፈቱት በር የለም እያሉ ሰፈር ሲያደነቁሩ የኖሩ ሰው፣ ይህቺን ክር ማስተካከል አቅቷቸው፣ አልቻልኩም ማለት ደግሞ ከዚያ የባሰ አቅቷቸው፣ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ላይ ሰቀሉት። አሁንም አላለቀሰችም። ብቻ ጣቷ ላይ ያለው የሞረድ ቁስል ሲጠዘጥዛት ተሰማት፤ ከተላጠ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

«አጥንት ላስገባልሽ» አለ ጠጋኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚያምር አጥንት አለኝ። ያኔ ይጫወታል።»

«አይሆንም። እንዳለ ይታሰር።»

«ቃናውን አይጠብቅም እኮ!»

«አይጠብቅ።»

ካፌው ውስጥ ሚስማሩ ተመቶ አልቋል። ጽሑፉም ተጽፏል፤ ባለካፌው ደስታ በዝቶበት «ታላቁ» የምትለዋን ቃል ከግድግዳው ግማሽ እስኪያህል አስተልቋታል። ራዲዮኑ ሙዚቀኛውን ዘጠነኛ ፎቅ አድርሶ በአንሶላ ሊያወርደው ሲል፣ ቁልፊት ጊታሩን በግራ ትከሻዋ አንግታ ገባች። ወሬው እንደ ቧንቧ ተዘጋ።

«መጣች!» አለ ወንድሟ። «አላልኳችሁም? ራሴ እሰቅለዋለሁ ብላኛለች!»

«ነይ እቴ፣ ነይ» አለ ባለካፌው ወንበር እየሳበ። «ሻይ አምጡላት፣ ትኩስ! መቼም አሁን የፎቅ ባለቤት ነሽ፤ ካፌያችንን እንዳትንቂ።»

ሻዩ መጣ። ቁልፊት ብርጭቆውን ያዘችና፣ ሲያቃጥላት፣ ቶሎ አስቀመጠችው። ጣቷን አየችው። ከዚያ ራዲዮኑን አየችው።

«ሆቴል ውስጥ የተቆለፈበት ሰው የለም» አለች። «የተንበረከከም የለም። ጊታሩ ከፋብሪካ እንደ ዳቦ የወጣ የተማሪ ጊታር ነው። አልሸጠውም፤ አይሰቀልምም። ፎቅ አልሠራም። ዝም ያልኩትም ሀብት ሆኖብኝ አይደለም። ግራኙ እያላችሁ የምታወሩት ሰውዬ እኔ ነኝ። አባዬ ለእኔ ብሎ ነው ለግራ የገለበጠው፤ ያውም አበላሽቶ።»