ማሩ ከየት እንደሚመጣ ለሁለት ቡድን የነገርኩት

አሶሳ ውስጥ ማር እነግዳለሁ። ከገጠር እገዛለሁ፣ አጣርቼ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ከየትኛው ቀበሌ እንደምገዛ ግን ሚስቴም በደንብ አታውቅም። በእኛ ንግድ ሌባ መጋዘን ሰብሮ ቢገባ የሚወስደው ጥቂት ጄሪካን ነው። የምትገዛበት ቦታ ከታወቀ ግን ሱቁን ራሱን ወሰዱት ማለት ነው። አንባቢም እዚህ ላይ ቦታውን አገኛለሁ ብሎ አይድከም።

ግቢዬ ውስጥ አንድ የኮምፒውተር መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሁለተኛ ዲግሪውን ለመጨረስ የቀረው አንድ ሙከራ ነው። እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ አንድ ሶፍትዌር ከመሠራቱ በፊት ከሌባና ከተንኮለኛ በምን በምን መጠበቅ እንዳለበት ይዘረዘራል። ዝርዝሩን ማውጫ ዘዴው ብዙ ነው። አንዱ ሠንጠረዥ መሙላት ነው፤ ሌላው ሌባው የሚመጣበትን መንገድ ሁሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ መሣል። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ተማሪዎቹን ለሁለት ይከፍላል፣ አንድ ዓይነት ሥራ ይሰጣል፣ ዝርዝራቸውን ያወዳድራል። ባለፈው ዓመት በሌለ ባንክ ላይ ሞክሮ አማካሪው «ባለቤት ያለው እውነተኛ ሥራ አምጣ» ብሎ መልሶበታል። ዘንድሮ ካልጨረሰ ዲግሪው ቀረ።

ስለዚህ እኔ ዘንድ መጣ። ማር ሰብሳቢዎቼ የመዘኑትን በስልክ የሚልኩበት አፕ ሊሠራልኝ ነው እንበል፤ ተማሪዎቹ ይጠይቁኛል፣ እኔ እመልሳለሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት» አለኝ። «ለሁለቱም ቡድን አንድ ዓይነት መልስ ይስጡልኝ። በዚህ ሙከራ የማይለዋወጠው ነገር እርስዎ ነዎት።»

ይኼ ሰው በገበያ ቀን ገበያ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። እኔ ለሁለት ደንበኛ አንድ ዋጋ ጠርቼ አላውቅም። ቢሆንም ጨዋ ተከራይ ነውና እሺ አልኩት።

ጠዋት ባለ ሠንጠረዦቹ መጡ። ስልኩን ማን ይይዛል፣ መጋዘን ማን ይገባል፣ የይለፍ ቃል ቢረሳስ፤ ሁሉንም እየጠየቁ ሞሉ። በመጨረሻ አንዷ ማሩን ከየት እንደማመጣው ጠየቀችኝ። ፊታቸውን አየሁ። በዚህ ከተማ ተማሪ ሲባል ወይ የአንዱ ነጋዴ የእህት ልጅ ነው፣ ወይ የአንዱ ነጋዴ ተከራይ። «ከማንቡክ» አልኳት፤ ጻፈችው።

ከሰዓት ባለ ዛፎቹ መጡ። በጣሪያ የሚገባ ሌባ፣ በስልክ የሚገባ ሌባ፣ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ሌባ ሣሉ። እነሱም ያንኑ ጠየቁ። «ከመንጌ» አልኳቸው። ወሬው ከወጣ በማን አፍ እንደወጣ ልወቅ ብዬ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ዕቃዬን የሚጭንልኝ ሾፌር ወሬ ይዞልኝ መጣ። ፊት ለፊቴ ያለው የማር ነጋዴ ባዶ ጄሪካን በኢሱዙ ጭኖ ወደ መንጌ ልኮ ኖሯል። ዝናቡ ጀምሯል። መኪናው ጭቃ ውስጥ አድሮ፣ ባሌስትራው ተሰብሮ፣ ጄሪካኑን እንደ ባዶው መልሶ መጣ። በማግስቱ ጎረቤቴ ከወትሮው ረዘም ያለ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሥራ፣ ከዚያ ደግሞ ስለ መንገድ። የትኛው መንገድ ብዬ ስጠይቀው፣ እንዲያው ነው አለኝ።

ደስ ብሎኝ መምህሩ ክፍል ሄድኩ። የተማሪዎቹን ወረቀት እያረመ ነበር።

«መምህር፣ አትድከም፤ ሠንጠረዥ ይሻላል» አልኩት። «ወሬው ያፈተለከው ዛፍ ከሣሉት ነው።» ስለ ኢሱዙው ነገርኩት።

የባለ ዛፎቹን ወረቀት ገልብጦ አሳየኝ። የመጀመሪያው መስፈርት፣ በቀይ የተሰመረበት፣ የምርቱ መገኛ ለሦስተኛ ወገን አይገለጽም ይላል። ሦስተኛው ወገን ኢሱዙ አለው አልኩት። አልሳቀም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ሁለት ቦታ ነው የተናገሩት?»

«አዎና። ለጠዋቶቹ ማንቡክ፣ ለከሰዓቶቹ መንጌ።»

«ከማንቡክ ማር ገዝቶ አባይን አሻግሮ አሶሳ የሚያመጣ፣ ከዚያ መልሶ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ አለ? ጎረቤትዎ እሱንም ሰምቶ ይሆናል፤ አላመነውም እንጂ። የእኔን ሙከራ አበላሽተዋል ጋሼ፤ የእርስዎም ሙከራ ግን አይሠራም።»

ወር ሙሉ ልኮራበት ያሰብኩትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። የቦታውን ስም ሰርዘህ አወዳድራቸው፣ ማን ያያል ብዬ ብመክረው፣ ማር ውስጥ ስኳር እንደሚበጠብጥ ሰው አየኝ። እዚያው ስልኩን አውጥቶ ለአማካሪው ሁሉንም ነገረው፣ ጭቃውን ሳያስቀር። አማካሪው ትምህርት ክፍሉ ለክረምት ሳይዘጋ በሌላ ባለቤትና በሌሎች ተማሪዎች ድገመው አለ። መጠይቁ ሁሉ ለማር የተዘጋጀ ነው። በከተማው ጊዜ ያለው ሌላ የማር ነጋዴ ደግሞ ያው ጎረቤቴ ብቻ።

ከሱቄ በረንዳ ተቀምጬ አዲሶቹ ሁለት ቡድኖች በየተራ ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ሲገቡ አየሁ። የዚያን ቀን ለደንበኛ ሚዛን ሁለቴ ተሳሳትኩ። ማታ መምህሩን ጠርቼ ነጭ ማር በሰሃን አቀረብኩለት። ጎረቤቴ ከየት እገዛለሁ እንዳለ ጠየቅኩት።

«እሱን አልነግርዎትም ጋሼ።»

ቦታውን ይተወው፣ ፀሐይ መውጫ ወይስ መግቢያ እንደሆነ ብቻ ይንገረኝ አልኩ። ማሩን ጠርጎ በላ፣ አመሰገነ፣ ገብቶ ተኛ።

ዲግሪውን አገኘ። ሁለቱ ዘዴዎች ይህን ያህል አይበላለጡም የሚል ነው ውጤቱ፤ ለዚህ ነው እንግዲህ ሁለት ዓመት የተሠቃየው። ሲመረቅ ሁለታችንንም ምሳ ጠራን፤ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ለአንዱ ቡድን ሌላ ቦታ ነግረሃል አሉ» አለኝ። «የትኛውን እንደሆነ እንዲነግረኝ መምህሩን ለምኜው ነበር። ሙክት አቅርቤለት፣ ወላሂ፣ አንዲት ቃል አልወጣውም።»

እኔንም እንዲሁ ነው ያደረገኝ አልኩት። ሁለታችንም መምህሩን አየነው፤ ከእንግዳ ጋር ፎቶ ይነሣል። ጎረቤቴ ራሱን ነቀነቀና ሥጋውን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።