ባትሪው ነው እንጂ ልቤ አይደለም

ሥራ የጀመርኩት አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማትርቅ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ነው። አለቃዬ ጋሽ መኮንን ይባላሉ፤ ሰዓት ሠሪ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ካቻቢቴ ያስይዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከመሳቢያቸው አንዲት ቀጭን የሴት ሰዓት አውጥተው «እጅህ ላይ እሰራት» አሉኝ።

«ምኗ ነው የተበላሸው?» አልኳቸው።

«ምንም። ትናንት ጨርሻታለሁ። ዛሬ አንተ አስረሃት ትውላለህ።»

ውሃ ስቀዳ፣ ሱቅ ስጠርግ፣ ሻይ ሳመላልስ ዋልኩ። ጣቢያው በር ላይ የሚውሉት ወዛደሮች ሲያዩኝ «ሚስትህ ሰዓቷን ትታ የት ሄደች?» እያሉ ሳቁብኝ። ማታ ሰዓቷን ከግድግዳው ሰዓት ጋር ስናስተያያት ወደ ኋላ ቀርታለች። ጋሽ መኮንን አልተገረሙም። «ጠረጴዛ ላይ ልክ ነበረች። ሰው ግን ይሞቃል፣ ያልበዋል፣ እጁን ያወናጭፋል። ሰዓት ለጠረጴዛ አይሠራም» አሉኝና እንደገና ፈቷት።

ከዚያች ሱቅ የወጣ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ ከሁለት አንዳችን እጅ ላይ ውሎ ነው ለባለቤቱ የሚሰጠው። ደንበኛ ቢቸኩል፣ ቢቆጣ፣ ባቡር አመለጠኝ ቢል ጋሽ መኮንን ፍንክች አይሉም። እኔ በልቤ ሽማግሌው አበዙት እል ነበር።

ማዕረጌን እሳቸው ነበሩ የሚሰጡኝ። መጀመሪያ የማሰሪያ ሰው ትሆናለህ፤ ማሰሪያ መቀየር፣ ማሰሪያዋን የምትይዘውን ብረት መግጠም። ቀጥሎ የባትሪ ሰው። መጨረሻ ላይ የማሽን ሰው፤ ያኔ ማጉያ መነጽሩን ዓይንህ ላይ አድርገህ በወረንጦ ጥርሶቹን ትነካለህ። የማሽን ሰው በሆንኩበት ዓመት የጋሽ መኮንን ዓይን ደከመ። ማጉያውን ሰጡኝና «ሰመራ ሂድ፤ ከተማው አዲስ ነው፣ ሰው እየገባ ነው» አሉኝ። ሲሞቱ ሰመራ ነበርኩ፤ ለቀብር አልደረስኩም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰመራ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ሙቀቱ ማስቲሽ ያቀልጣል፣ የስልክ ባትሪ ያሳብጣል፣ የላብ ጨው ማሰሪያ ይበላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ መብራትም ይጠፋል። የሰዓት ክዳን ለመክፈት ሌላ ቦታ በፀጉር ማድረቂያ ፎን ያሞቁታል፤ እኛ ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ብናስቀምጠው በራሱ ይላቀቃል። ባትሪው አብሮ ስለሚያብጥ ግን ይህን እንዳትሞክሩ።

በኋላ በሱቄ ደጅ የሚያልፉት የከባድ መኪና ሾፌሮች ከጅቡቲ እርምጃ የሚቆጥር፣ የልብ ምት የሚያሳይ ሰዓት ይዘው መምጣት ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ለሚውል ሰው የእርምጃ ቆጣሪ ምን ይሠራለታል? አንዱ ሾፌር ሰዓቱ «ጎበዝ፣ የዛሬውን እርምጃ ጨርሰሃል» እያለ እንደሚያሞግሰው አሳየኝ። ከወንበሩ አልተነሳም፤ የአዳይቱ መንገድ ጉድጓድ ነው እየናጠ ያስቆጠረለት።

ሰይድን የማውቀው ከዚያ በፊት ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ እኔም የወሎ ልጅ ነኝ። ተሳቢ ይነዳል። ሎጊያ ባደረ ቁጥር ጠዋት ሰመራ ሱቄ በር ላይ መኪናውን ያቆምና ክላክስ ይነፋል። ደጋግሞ የሚያወራው ስለ ልጁ ስለ መርየም ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ያሳደጋት፣ ኮምቦልቻ አስተማሪ የሆነች አንድ ልጁ ናት።

አንድ ጊዜ አዳይቱ ላይ ከመኪና ሲወርድ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ሐኪም ልቡ ሥርዓት አጥቶ እንደሚመታ ነገረው፤ መድኃኒት ሰጠውና እስኪሻለው ከባድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለው። ሰይድ መድኃኒቱን ተቀበለ፣ ክልከላውን ተወው። መርየም ለምና ለምና ሲያቅታት የልብ ምት የሚያሳይ ሰዓት ገዝታ እጁ ላይ አሰረችለት። «አርፈህ ተቀምጠህ ቁጥሩ ከመቶ ካለፈ መንዳት ታቆማለህ» አለችው። ወላሂ ብሎ ማለላት።

ቁጥሩ አለፈ። ብዙ ጊዜ አለፈ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የሰዓቱ ባትሪ መድከም ጀመረ፤ ጠዋት ሞልቶት ቀትር ሳይደርስ ይጠፋል፣ ሲበራም ቁጥሩ ይዘላል። ሰይድ ይህን ሲያይ እንደ ምሥራች ነው ይዞልኝ የመጣው።

«ከማሌ፣ ባትሪው ነው እንጂ ልቤ አይደለም» አለኝ። «መኪና ላይም እኮ ያው ነው። ባትሪ ሲደክም ጌጅ ይዋሻል። ሞተሩ ሳይሞቅ ሞቀ ይልሃል።»

ስለ መኪና ያለው ልክ ነው። ስለ ሰዓቱም ሊሆን ይችላል፤ ሞትኩ ሞትኩ የሚል ባትሪ ያለበት ሰዓት የሚያሳየውን ማመን አይቻልም። እንዲህ ብዬ ስነግረው ፊቱ በራ። ለመርየም በስልክ «ከማልም ባትሪው ሊሆን ይችላል ብሏል፤ አዲስ ሲገባለት እናያለን» ሲላት ሰማሁ። ልጅቱም እሺ አለች። እስከዚያ ድረስ ነዳ።

ባትሪው በቀላሉ አልተገኘም። አዲስ አበባ ጠየቅሁ፣ በአውቶቡስ የተላከልኝ ልኩ አልሆን አለ። ሰይድ ባለፈ ቁጥር በመስኮት ብቅ ብሎ «ደረሰ?» ይላል። ቀን በቀን እየከሳ ነበር። ከመኪናው ሲወርድ በሩን ይዞ ትንሽ ይቆማል፤ ሳየው ዓይኑን ይሰብራል።

በመጨረሻ ሌላ ሾፌር ከጅቡቲ ልኩን አመጣልኝ። ክዳኑን አሙቄ ከፈትኩት፤ አሮጌው ባትሪ እንደ ትራስ አብጧል። ነቀልኩት፣ አዲሱን በየድኩት፣ በቴስተር ለካሁት፣ ውሃ የማያስገባውን ጎማ ቀይሬ ዘጋሁት። ከጀርባው ያለችው የልብ ምት የምታነበው አረንጓዴ መብራት ሳትርገበገብ በራች። ከዚያ እንደ ጋሽ መኮንን ደንብ እጄ ላይ አስሬው ዋልኩ። ተቀምጬ፣ መስጊድ ደርሼ ተመልሼ፣ በፀሐይ ሄጄ አየሁት። የደም ሥሬን በጣቴ ይዤ ቆጠርኩ፤ ከሰዓቱ ጋር አንድ ነው። ሰዓቱ ደህና ነበር። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ደስ አላለኝም።

ሰይድ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። ረዳቱ ጀማል አብሮት ነበር፤ ጎልማሳ፣ ቁምነገረኛ ሰው ነው። ሱቁ ውስጥ ሬዲዮናቸውን የሚያሠሩ ሑመድ የሚባሉ የአፋር ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ለሰይድ በርጩማ ሰጠሁት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አጠጣሁት፣ ሲረጋጋ ሰዓቱን አሰርኩለት።

መቶ ሠላሳ አለ። ትንሽ ቆየና ከዚያም አለፈ፤ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ።

«ገና አልተሠራም» አለ ሰይድ።

እጄ ላይ አሰርኩት፤ ቁጥሩ ሳይዘል ረጋ። ጀማል እጅ ላይ አሰርነው፤ ልክ ነው። ሰይድ «እሳቸውስ?» ብሎ ወደ ሽማግሌው ጠቆመ። ሑመድ እጃቸውን ዘረጉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ቁጥራቸው ከሁላችንም የረጋ ነበር። መልሼ ለሰይድ አሰርኩለት። ያው። ሰይድ ሰዓቱን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

«ከማሌ፣ ስለ አላህ ብለህ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ተበላሽቷል በልልኝ። ለመርየም እደውላለሁ፣ አንተ ንገራት። ሰዓቱ አይረባም በላት፤ አንተን ታምናለች። ከዚህ መሪ ወርጄ ምን እሆናለሁ?»

መልስ ሳልሰጠው ደወለ። ስልኩን እጄ ላይ አኖረው። «ጋሼ ከማል፣ ተሠራ?» አለች መርየም። ያቺን ደቂቃ አልረሳትም። መዋሸት ቀላል ነበር፤ ወዳጄም የለመነኝ እሱኑ ነው። ግን ያን ሰዓት አስሬው ውያለሁ።

«ተሠርቷል፤ ሰዓቱ ደህና ነው» አልኳት።

«አባዬስ?» አለች።

«አባትሽ መሪ አይያዝ።»

ስታለቅስ ሰማሁ። ሰይድ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ፤ «ጠጋኝ መስለኸኝ ነበር፣ አንተ አፍራሽ ነህ» አለኝ። በሩ ላይ ደርሶ ደግሞ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባባ ሑመድ፣ እዚህ ያዩትን ለማንም አያውሩብኝ።»

አፋር መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይቀባበላል፤ ያየውን እንዳየው፣ የሰማውን እንደሰማው ይነግራል። የጨመረ፣ የቀነሰ፣ የደበቀ ሰው ሁለተኛ አይሰማም። ሑመድም «ልጄ፣ ሰው ዳጉ ካለኝ ያየሁትን እናገራለሁ። ስለ አንተ ክፉ አላየሁም። ልብህ እንደታመመ አየሁ» አሉት። ሰይድ ተሳቢውን አስነስቶ ወደ ጅቡቲ ሄደ።

የሆነውን ጀማል በኋላ ነው የነገረኝ። ወሬው ቀድሟቸዋል። በየደረሱበት ሰው ሰላምታ ሳይጨርስ «ልብህ እንዴት ነው?» ይለዋል። ሻይ የምታፈላዋ ሴት፣ ጎሚስታው፣ ድንበሩ ላይ ገላፊ ኬላ ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች፤ ሁሉም። መጀመሪያ በቁጣ ነደደ፣ እኔንም ሽማግሌውንም ረገመ። ጭነው ሲመለሱ ግን ቁጣው በረደ። ገላፊ ሲያድሩ ለመርየም ደውሎ «ይቺን ጭነት ላራግፍና ቁልፉን አስረክባለሁ» አላት። ዕቃውን መንገድ ላይ ጥሎ መውረድ አልሆንለት አለ፤ ጀማል መንጃ ፈቃድ የለውም። ሰይድ ሾፌር ነው፤ የጫነውን ሳያደርስ አያውቅም።

ዳጉውን ያመጡልኝ ራሳቸው ሑመድ ናቸው። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ነገሩኝ። ዋናው ወሬ ተራው እስኪደርስ ጠበቅሁ።

«ሾፌሩ ከገላፊ ወዲህ፣ ሴቶች ፍየል በሚያሻግሩበት ቦታ ደረሰ» አሉ። «መኪናውን ከአስፋልት አወጣው። ሞተሩን አጠፋ። ረዳቱ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። ሲመለስ ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ነበር። ሴቶቹ ውሃ አመጡ። አልጠጣም። ይህን ያየችው ሴት ለወንድሟ ነገረች፣ ወንድሟ ለእኔ ነገረኝ። ከዚህ ሌላ አልሰማሁም።»

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ።

ጀማል የጨመረልኝ አንድ ነገር ነው። መኪናው ሳይቆም ሰዓቱ እጁ ላይ ለማስጠንቀቅ ተንቀጠቀጠ፤ ሰይድ አየው፣ ቀና ብሎ ፍየሎቹን አየ፣ ሴቶቹን አየ። «ይሄ ነገር እውነቱን ነው» አለና ፍሬቻ አበራ። ያን ያህል የተጫነ ተሳቢ እዚያ ሰው መካከል ቢገባ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ግን ልሸነግላችሁ አልችልም፤ እኔ ወዳጄን ነበር ማትረፍ የፈለግሁት፣ እሱን አላተረፍኩትም። ዛሬም ተሳቢ ሱቄ በር ላይ ክላክስ ሲነፋ ቀና እላለሁ።

ጀናዛው በዚያው ቀን ሎጊያ ተቀበረ። መርየም ከኮምቦልቻ የደረሰችው አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ለቀብር አለመድረስ ምን እንደሆነ ስለማውቅ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከለቅሶው ስትነሳ ሰዓቱን ሰጠችኝ። «ጠፍቷል፤ አብራልኝ። እኔ አደርገዋለሁ» አለች።

የአባቷን ላብ ከማሰሪያው ላይ በለስላሳ ጨርቅ ጠረግሁ። ቻርጅ አደረግሁት። ከዚያ እንደ ደንቡ እጄ ላይ አስሬው ዋልኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የከበደኝ ዕቃ የለም።

ሱቄ መጥታ ስትወስደው አባቷ በተቀመጠበት በርጩማ ላይ ተቀምጣ አሰረችው። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ቁጥሩ ወጣ፤ መቶን አለፈ። እንባዋ እየወረደ ሰዓቱን ወደ እኔ አዞረችው።

«ጋሼ ከማል፣ ባትሪው ይሆን?»

«አይደለም» አልኳት። «ሰዓቱ ደህና ነው። ሰው ሲያለቅስ እንዲህ ይሆናል።»

ለባለቤቱ ከማስረከባችሁ በፊት የጠገናችሁትን ዕቃ ራሳችሁ አስራችሁት ዋሉ። ያሳያችሁንም ንገሩት፤ ወዳጃችሁም ቢሆን።